የአፈር ቅናሽ

ቅናት ዓይን ያሳውራል ይላሉ። ውሸት ነው። በልጅነቴ በቀናሁበት ዘመን ያየሁትን ያህል አጥርቼ ያየሁበት ጊዜ የለም። እናቴ ሾርባውን ስትጨልፍ ሥጋዋ በማን ሳህን ላይ እንዳረፈች፣ አባቴ ከትራክተሩ ሲወርድ መጀመሪያ የማንን ራስ እንደዳበሰ፣ ከእህቴ ካልሲና ከእኔ ካልሲ የቱ ቀድሞ እንደተጣፈ፣ ሁሉንም አይ ነበር። ያየሁትም ልክ ነበር። የተሳሳትኩት ትርጉሙን ነው። ይህ ደግሞ የቀናተኛ ብቻ በሽታ አይደለም። እኔ ጠበቃ ነኝ፤ በየሳምንቱ ዳኞች ሲያደርጉት አያለሁ።

እህቴ ዶንዱ ትባላለች፣ እኔ የተር። በእኛ አገር የተር የምትባል ሴት ካጋጠመቻችሁ የቤተሰቧን ታሪክ መጠየቅ አያስፈልጋችሁም። ትርጉሙ «በቃ» ነው። ሴት ልጅ በቃን፣ ከእንግዲህ ወንድ ላክልን ብለው ለአላህ የሚልኩት መልእክት ነው። መልእክቱን የሚሸከመው ግን አላህ አይደለም፤ እኔ ነኝ። በተጠራሁ ቁጥር እንደተረፍኩ እሰማለሁ። የዶንዱን ነገር ሁሉ የምፈልገው ለዚህ ነበር። ቢላዋዋን ሳይቀር።

መንደራችን በአናቶሊያ ሜዳ ላይ ናት፤ የምናመርተውም የስኳር ሥር ነው። የቀይ ሥር ነጭ ወንድም በሉት፤ ወፍራም፣ እንደ ሕፃን ራስ የሚከብድ፣ ከአፈር ሲነቀል እንደ ጥርስ የሚንቋቋ። በመከር ወንዶቹ ይነቅላሉ፣ ሴቶቹ ተንበርክከው ቅጠሉን ከነአናቱ በቢላዋ ይቆርጣሉ፣ በቢላዋው ጀርባ ደግሞ ጭቃውን ይፍቃሉ። ዶንዱ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበርና ከእናቴ ጎን ቢላዋ ተሰጥቷታል። እኔ ሰባት ዓመቴ ነበርና ቅጠል ለላሟ እሰበስባለሁ። እሷ እጇ በውርጭ ተሰነጣጥቆ ማታ ማታ ቅቤ ስትቀባ እያየሁ፣ ቅቤው ለእሷ ብቻ የተፈቀደበትን ምክንያት እጠይቅ ነበር።

ያን ዓመት አባቴ ትንፋሹ ሁሉ ስለ ጭቃ ነበር። በፊተኛው ዓመት ጭነታችን አፈር በዝቶበታል ተብሎ ከፋብሪካው በር ተመልሷል። መንገድ ላይ ውርጭ መታው፣ ከዚያ ቀለጠና ጠቆረ፤ ላሟ እንኳ አሽትታ ተወችው። በዚያ የበረዶ ወራት የበላነውን ለልጆቼ ስነግራቸው ያጋነንኩ ይመስላቸዋል።

በፋብሪካው በር የአፈሩን ነገር የሚወስነው ነጂፕ ቤይ የሚባል ሰው ነበር፤ «ቤይ» እንደ «አቶ» ነው። ሠራተኞቹ ከጭነቱ ላይ በባልዲ ይዘግኑና ይመዝናሉ፤ በቧንቧ አጥበው እንደገና ይመዝናሉ። የጎደለው አፈር ነው፤ በዚያው ልክ ከጠቅላላው ጭነት ይቀነሳል። አፈሩ ልክ ካለፈ ጭነቱ ይመለሳል። ነጂፕ ቤይ ጉቦ የማይነካ ሰው ነው፤ ይህን ጠላቶቹም ይመሰክሩለታል። ከገበሬ እጅ ሻይ እንኳ ጠጥቶ አያውቅም ይባላል።

ሥሩ ተነቅሎ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን አመሻሽ ላይ የመንደሩ ሹም ሳትልሚሽ ቤታችን መጣ። አባቴን ለብቻው ሊያነጋግረው ፈልጎ እኛን ወደ ማድ ቤት ላኩን። ዶንዱ ሊጥ እያሸች፣ እኔ ጆሮዬን በበሩ ስንጥቅ ላይ ለጥፌ ሰማሁ። የሰማሁት ግማሹን ነው፤ ግን በቂዬ ነበር። የነጂፕ ቤይ ሚስት ሙአላ ሐኒም፣ ወይዘሮ ሙአላ ማለት ነው፣ ልጅ የላትም። አንዲት ልጅ ትፈልጋለች። ከእነሱ ጋር በፋብሪካው ግቢ ትኖራለች፣ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ እንደ ልጃቸው ያሳድጓታል።

«ትልቋ አመል አውጥታለች» አለ ሳትልሚሽ። «ሐኒም ትንሽ ይሁንልኝ ብለዋል። እጇ ያልደነደነ፣ ንጹሕ ነገር።»

አባቴ በፋብሪካው በር ላይ የሚያውቀን አንድ ሰው ቢኖር መልካም እንደሆነ ተናገረ። እናቴ ብርጭቆዎቹን ስትሰበስብ ሰማሁ።

የፋብሪካውን ግቢ አንድ ጊዜ በሽቦው አጥር በኩል አይቼዋለሁ። ቀይ ጣሪያ፣ ጽጌረዳ፣ በየቤቱ ቧንቧ፣ ከአንካራ ፊልም የሚመጣለት ሲኒማ ቤት። አንዲት ልጅ ነጭ ካልሲ አድርጋ ብስክሌት ትነዳ ነበር። ካልሲው ላይ አንዲት ነጠብጣብ ጭቃ የለም። ያቺን ልጅ ስንት ሌሊት ከብስክሌቷ እንደገፈተርኳት አላህ ያውቃል። አሁን ደግሞ እኔ ልሆናት ነው። ትንሽ ይሁንልኝ አሉ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ መሆን ጠቀመኝ። ወደ ዶንዱ ዞሬ ምላሴን አወጣሁባት። እጇ ሊጡ ውስጥ ቆሞ ነበር፤ እሷም ሰምታለች። ፊቷ ሲገረጣ አየሁና «ቀናች» አልኩ በልቤ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

ጭነቱ ሊሄድ በዋዜማው እናቴ ምድጃው አጠገብ ገንዳ ውስጥ አስቀምጣ አጠበችኝ። ሁለት ጊዜ አጠበችኝ። ፀጉሬን ስታበጥር እንባዋ ትከሻዬ ላይ ወደቀ፤ ሳሙናው ዓይኗ የገባ መሰለኝና ጨፍኚ አልኳት። ከዚያ የዒድ ቀይ ሹራብ ይምጣ አለች። ሹራቡ የዶንዱ ነው። ዶንዱ ራሷ ከሳጥኑ አውጥታ፣ እጥፋቱን ዘርግታ፣ ምንም ሳትል በራሴ በኩል አጠለቀችልኝ። እጅጌው ረዘመብኝ። ልጠቅልልልሽ አለች፤ አልፈልግም አልኩ። ረጅም እጅጌ የሐብታም ነው ብዬ አስቤ ነበር።

ማለዳ አባቴ ሳትልሚሽን ከትራክተሩ ጭቃ መከላከያ ላይ አስቀምጦ፣ እኛ ሁለታችን ተሳቢው ላይ ከሥሩ ክምር አናት ተቀምጠን ሄድን። እናቴ ዶንዱ ለምን እንደምትሄድ ጠይቃ ነበር። ትንሿን ልሸኛት አለች ዶንዱ፤ ማንም አልተከራከራትም። ከፋብሪካው በር በፊት ወረፋው ከመንገዱ መታጠፊያ ያልፋል፤ ትራክተሩ፣ ጋሪው፣ በሬው፣ ሁሉም ጭነቱን ተሸክሞ ይጠብቃል። ሌሊቱን ዘንቦ ነበርና ሰዎቹ ጭነታቸው ላይ ወጥተው በእንጨት ይፍቃሉ። ከፊታችን ያለው ሰውዬ፣ ነጂፕ ቤይ የገዛ እናቱን የቀበረ ዕለት መጀመሪያ መዝኖ የአፈሩን ቀንሶ ነው የቀበራት ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀ። አባቴ ግን አልሳቀም።

አባቴ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ክብ ዳቦ ገዛልኝ። ሙሉውን፤ ሳያካፍል። ዶንዱ ማየቷን ለማረጋገጥ ቀስ ብዬ በላሁ። እሷ ግን የምታየው ወደ ማጠቢያው ዳስ ነበር።

«አባባ» አለች፣ «ጭቃ የበዛበትን ያጥቡታል?»

«ማን ያጥባል? ይመልሱታል እንጂ።»

«ከተመለሰ በሱ ፋንታ ሌላ ይቀበላሉ?»

አባቴ ቀና ብሎ አያት። ወደ ሳትልሚሽ ዞሮ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረ።

ተራችን ሲቃረብ ዶንዱ እጄን ይዛ ላሸናሽ አለችኝ። በዳሱ ጀርባ የሥሩ እጣቢ የሚፈስበት ጉድጓድ አለ፤ ጭቃው እንደ ሊጥ የቀጠነ፣ ጣፋጭም ብስባሽም የሚሸት። ጫፉ ላይ ስንደርስ ገፈተረችኝ። በጀርባዬ ወደቅሁ። ለመነሳት ስፍጨረጨር መጥታ ደረቴ ላይ በጉልበቷ ተቀመጠችና በሁለት እጇ ጭቃ እየዘገነች ፀጉሬ ውስጥ አሸችው፤ ልክ ማድ ቤት ውስጥ ሊጡን እንደምታሸው፣ ሳትቸኩል፣ ምንም ቦታ ሳታስቀር። ጆሮዬ ውስጥ፣ አንገቴ ላይ፣ ቀዩ ሹራቧ ላይ። በአውራ ጣቷ ሥር ያለውን ሥጋ ነከስኳት። ደሟ አፌ ገባ። እጇን አልነጠቀችም።

«አልቅሺ» አለችኝ። «ጮክ ብለሽ አልቅሺ።»

ምክር አላስፈለገኝም። እየጮህኩ ግን አየኋት። ወደ ቧንቧው ሄደች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ፀጉሯን በውኃ አስተኛችው፣ ሻሿን አስተካክላ አሰረች። ከወገቧ ቢላዋዋን አውጥታ በጀርባው የጫማዋን ጭቃ ፋቀች፤ ሥሩን እንደምንፍቀው። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ቦታዬን እየሰረቀችኝ ነው። በቀን፣ አባቴ እዚያው እያለ፣ የገዛ ሹራቧን አጨቅይታ እየሰረቀችኝ ነው።

እያለቀስኩ ወደ ትራክተሩ ስንመለስ ሙአላ ሐኒም ከበሩ ወጣች። ግራጫ ካፖርት፣ የእጅ ጓንት፣ የሎሚ ሽቶ። የካፖርቷን ጫፍ ከጭቃው ከፍ አድርጋ ይዛ ነበር የምትራመደው። ሳትልሚሽ ወደ እኔ እያመለከተ አንገቱን ሰበረ።

«ይቺ ናት?» አለች።

እኔ መጥፋቴ ነው። ሮጬ ካፖርቷን በሁለት እጄ ጨመደድኩ፤ ጥርሴ ላይ የእህቴ ደም አለ፤ እኔ ነኝ፣ የመረጣችሁኝ እኔ ነኝ፣ እሷ ገፍትራኝ ነው እያልኩ ግራጫው ላይ የጣቶቼን ቅርጽ ተውኩበት። ሴትየዋ ወደ ኋላ ሸሸች። እንደ ውሻ ነገር አየችኝ።

«ይቺን አልችላትም» አለች ለሳትልሚሽ። «ንጹሕ ነው ያልኩህ።»

ሳትልሚሽ መማል ጀመረ፤ ወላሂ ትናንት ብታዩዋት። ከጀርባው ዶንዱ ወጣች። አቀርቅራ ነበር፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«እኔ እሻላለሁ፣ እመቤቴ። ማጠብ እችላለሁ፣ ሊጥ እችላለሁ። ብዙም አልበላም።»

ብዙም አልበላም። የሰው ልጅ ለ«እንደ ልጅ ያሳድጓታል» የሚያቀርበው ማመልከቻ ይህ ነው። ሰባት ዓመቴ ስለነበር አልገባኝም፤ በዚያ ቦታ የነበሩት ሌሎቹ ሁሉ ግን ትልልቅ ሰዎች ነበሩ።

ሴትየዋ ጓንቷን ሳታወልቅ የዶንዱን እጅ ገልብጣ አየች። የነከስኳት ይደማል። ምን እንደሆነ ጠየቀቻት። ቢላዋ ነው አለች ዶንዱ። ሴትየዋ ሳትልሚሽን አየች፣ አባቴን አየች፣ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ዶንዱ በበሩ ገባች። ዞር ብላ አላየችንም። አባቴ ጫማውን ያይ ነበር።

ከዚያ ጭነታችንን መዘኑ። በባልዲ ዘገኑ፣ አጠቡ፣ መልሰው መዘኑ፤ ነጂፕ ቤይ ከፊታችን ካለውም ከኋላችን ካለውም ሰው እንደቀነሰው ከእኛም ቀነሰ። ቅንጣት አላዳላም። የሰው ልጅ በጓሮ በር አስገብቶ በፊት በር ሚዛኑን አላዛባም። እስከ ዛሬ ድረስ በዚያ አገር ስለ ሐቀኝነቱ ያወራሉ፤ እኔም አልክድም። ከገበሬ ሻይ አልጠጣም። ልጅ ነው የወሰደው። ይህን ነገር በየማኅበሩ ስናገር አባቶቻችን ያደረጉትን በዘመናቸው ሚዛን መዝኚ ይሉኛል። በዘመናቸው ሚዛን እኮ ነው የተመዘነችው፤ እኔ በቦታው ነበርኩ።

ተሳቢው ባዶውን አልተመለሰም። ፋብሪካው ጭማቂውን ወስዶ አሰሩን ለከብት መኖ ለገበሬው ይመልሳል። ትኩስ አሰር ሞልተን ተመለስን፤ እንፋሎቱ እየወጣ፣ ኮምጣጣ ጣፋጭ እየሸተተ። እግሬን ቀብሬ ተቀመጥኩ፤ ሞቀኝ። ትራክተሩን ከማስነሳቱ በፊት አባቴ ጃኬቱን አልብሶኝ ሲያበቃ ለረጅም ጊዜ እጁን ከራሴ ላይ አላነሳም፤ ፀጉሬ ላይ የደረቀውን ጭቃ በጣቱ ይፈረፍር ነበር። ስላመለጠኝ ዕድል የሚያጽናናኝ መስሎኝ የበለጠ አለቀስኩ።

ያን የበረዶ ወራት ፍራሹ የእኔ ብቻ ሆነ። ሲበርደኝ በእሷ ቀናሁ። ሾርባው ሲቀጥን በእሷ ቀናሁ። ውኃ ልቀዳ ስላክ ቧንቧው ታየኝ። ነጭ ካልሲ አድርጋ፣ ሲኒማ ቤት ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ፣ ስኳር በእፍኟ እየበላች በየቀኑ አያት ነበር። ለዒድ ስትመጣ ደግሞ ያሰብኩት ሁሉ እውነት ሆነ። ፀጉራም አንገት ያለው ካፖርት ለብሳለች፤ የቁራጭ ስኳር ካርቶን ይዛለች። እጆቿም ነጥተው ነበር። ጥፍሯ ሥር አፈር የለም፤ ቆዳው ነጭ፣ ስስ፣ ሊላጥ የደረሰ። የሐኒሞች እጅ እንደዚህ ነው ብዬ እጄን ከጀርባዬ ደበቅሁ።

በረኪና ነበር። በአንሶላና በሸሚዝ፣ በደረጃና በመጸዳጃ ቤት ላይ የፈሰሰ በረኪና። ይህን ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ፣ እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ የተከራየሁትን ክፍል ሳጸዳ እጄን ሲልጠኝ ነው።

እናቴ ትምህርቱ እንዴት ነው አለቻት። ጥሩ ነው አለች ዶንዱ። ሲኒማስ አልኳት እኔ፣ በንዴት። በየሳምንቱ አለችኝ፤ አንቺ ብትሆኚ እንዴት በወደድሽው ነበር። ስኳሩን ተፋሁት። የምትፎክርብኝ መስሎኝ እኮ ነው። ትምህርት ቤቱን የምታውቀው ምሳ ሰሃን ይዛ የሐኒምን የእህት ልጅ በር ላይ ስትጠብቅ ነው፤ ሲኒማውን ደግሞ ወለሉን ስትጠርግ። ፊደል የቆጠረችው ትልቅ ሴት ሆና ነው፤ ያስተማርኳትም እኔ ነኝ፤ እሱንም በየጊዜው «ሐኒም እንዳታይ» እያለች።

የጭቃው ነገር የገባኝ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ለዕረፍት ስመለስ ነው። ከአባቴ ጋር ጭነት ይዘን ያው በር ላይ ቆመናል፤ ከፊታችን ያለው ጭነት ተመለሰ። አባቴ እንደ ቀልድ «ጭቃ የበዛበት ይተርፋል» አለ፤ ከዚያ የተናገረውን ሰማና ፊቱን ከእኔ አዞረ። የዚያኑ ዕለት ከነጂፕ ቤይ ቤት ጓሮ ዶንዱን ጠርቼ ጠየቅኋት። እጇን በሽርጧ እየጠረገች ሳቀች።

«ምን የማትሆኚውን ትሆኛለሽ? ዘንቦ ነበር። አዳልጦሽ ነው የወደቅሽው።»

እስከ ዛሬ ከዚህ ንቅንቅ አላለችም።

አባቴ ሞተ፣ ነጂፕ ቤይ ሞተ። ዶንዱ ከሐኒም ጋር ቀረች። ከተማ ውስጥ ወደ ሠሩት ቤት አብራ ሄደች፣ መታጠቢያ ቤት አስገባቻት፣ በማንኪያ አጎረሰቻት። ባል መጥቶላት ነበር፤ ሐኒም አመማትና ነገሩ ቀረ። ነይ ከእኔ ጋር ኑሪ፣ ክፍል አለኝ ባልኳት ቁጥር «እሷስ?» ትለኛለች። እሷስ። ለዚህ ቃል ያለኝን ጥላቻ ለነጂፕ ቤይ የለኝም።

ባለፈው ኅዳር ሐኒም አረፈች። ወንዶቹ ጀናዛውን ይዘው ሲገቡ እኛ ሴቶቹ ከመቃብሩ አጥር ውጭ መንገዱ ዳር ቆምን። ዶንዱ ታለቅሳለች። በሥርዓት አይደለም፤ ከሆዷ ነው የምታለቅሰው። ለእናታችን እንዲህ አላለቀሰችም። ቆሜ ቀናሁ። ስልሳ ዓመት አልፎኝ፣ በሬሳ ቀናሁ። በልጅነቴ ያቺ ቤት እህቴን ስለወሰደችብኝ ሳይሆን እኔን ስላልወሰደችኝ ነበር የምቀናው፤ አሁን ቅናቴ ትክክለኛውን ሰው አግኝቷል።

ቀብሩ ሲያልቅ የሐኒም የእህት ልጅ፣ ያ ምሳ ሰሃን የሚቀርብለት፣ ወደ እኛ መጣ። አክስቴ እንደ ልጇ ነበር ያሳደገቻት አለኝ፤ እንድስማማ። የየትኛው ልጅ አልጋ ነው ከማድ ቤቱ ምድጃ ጎን የሚነጠፈው አልኩት። ዶንዱ ተይ የተር አለችኝ። እሱ አልተቆጣም፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች አይቆጡም። ወደ እሷ ዞሮ በለስላሳ ድምፅ አወራት። ቤቱ እንዳይዘጋ እሱና ሚስቱ ሊገቡበት ነው። የዕቃውን ቦታ የሚያውቅ ማን አለ? ክፍሏ እንዳለ ነው፣ ምንም አይቀየርም። መኪናው ውስጥ ቦታ አለ፣ አሁኑኑ አብረን እንሂድ።

ዶንዱ አቀረቀረች። ያን ማቀርቀር አውቀዋለሁ። ከዕድሜ ልክ ክርክር የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ እህቴ አቀርቅራ ስትቆም ቃል አይመልሳትም።

በዚያ ሰሞን የሥሩ መኪኖች ይመላለሳሉ። መታጠፊያው ላይ አንዱ ተንገጫገጨና ከጭነቱ ጥቂት ሥር እግራችን ሥር ወደቀ። ልማድ ነው፤ ሁለታችንም እኩል ጎንበስ አልን። እኔ ቀደምኩ። እንደ ጥንቱ ከባድ ነው፤ ትናንት የተነቀለ፣ ጥቁር እርጥብ ጭቃ የጠገበ። ጭቃውን በእጄ ሙሉ ገፈፍኩና የዶንዱን ፊት ቀባሁት። ከግንባር እስከ አገጭ። ከዚያ ሻሿን፣ ከዚያ የለበሰችውን የሐኒምን የድሮ ካፖርት፣ ያን ግራጫ ካፖርት፣ ከላይ እስከ ታች። ሳልቸኩል። ምንም ቦታ ሳላስቀር።

አልሸሸችም። በመጀመሪያ ዓይኗን ብቻ ጨፈነች። ቀጥሎ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች መለየት አልቻልኩም።

ሰውዬው እኔን አየ፣ እሷን አየ፣ ወደ መኪናው ዞሮ ነጩን ወንበር አየ። ሚስቱ ከውስጥ መስተዋቱን ዘጋች። እንግዲህ ታጥባ በኋላ ትምጣ አለ። አትመጣም አልኩት።

ሲሄዱ ዶንዱ አውራ ጣቷን ልሳ የዓይኗን ሽፋን ጠረገች። ከአውራ ጣቷ ሥር የጥርሴ ምልክት አሁንም አለ።

«ምን ነካሽ፣ የተር?» አለችኝ።

«ምንም። አዳልጦኝ ነው። ዘንቦ ነበር።»

ወደ ሰማይ ቀና አለች። ከሳምንት ወዲህ ጠብታ አልወረደም። ሥሩን ከእጄ ወስዳ፣ ቢላዋ ስለሌላት በጥፍሯ ጥቂት ፋቀችው፤ ከዚያ ብብቷ ሥር ሸጉጣው ወደ እኔ መኪና ሄደች። በሩን ከመክፈቷ በፊት ግን አንድ ጊዜ ወደ መቃብሩ ዞራ አየች።

አየኋት። ሁሉንም አያለሁ ብያችኋለሁ።